መርከቡ ሙሉ ወንበር፣ መቀመጫ ግን የለም፦ ቤተሰብ ይዞ ክሩዝ የሚሄድ ሰው ምን ይሻሻልልኝ ይላል?

የአክስቴ ልጅ ቶሮንቶ ነው የምትኖረው። ባሏንና ሶስት ልጆቿን ይዛ ከማያሚ የሚነሳ ክሩዝ (የመዝናኛ መርከብ ጉዞ) ሄዳ ስትመለስ በዋትሳፕ አስራ አንድ ደቂቃ ቮይስ ላከችልን፣ ግማሹ "ወላሂ እንደዚ አይነት ነገር አይቼ አላውቅም"፣ ግማሹ ደሞ ስሞታ። እኛ ድሬ ከምሳ በኋላ ፋን ከፍተን ተጋድመን ሰማነው። እናቴ ዝም ብላ እስከመጨረሻው አዳመጠችና "ሰባት ቀን ተበልቶ ተጠጥቶ፣ ባህር ላይ ተንሳፍፎ፣ ደሞ ወንበር አጣሁ ይባላል?" አለች።

ሳቅንና አለፍነው፣ እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። ምክንያቱም እሷ ያለችው የሷ ብቻ አይደለም፣ ልጆች ይዞ ክሩዝ የወጣ ሰው አብዛኛው ያንኑ ነው ሚለው፦ ካቢኑ (የመርከቡ መኝታ ክፍል) ጠበበን፣ ወንበር ጠፋ፣ ከፍለን ጨረስን ስንል ሌላ ሂሳብ መጣ፣ ህፃኑን የት ላድርገው። ይሄ ሁሉ ሰው እየጮኸ ለምንድነው ማያስተካክሉት? ስገባበት መልሱ ሁለት ቦታ ተከፈለብኝ። አንዳንዱ ከብረቱ ጋር የተበየደ ነው፣ መርከቡ ከተሰራ በኋላ ማንም አይነካውም። አንዳንዱ ደሞ ደንብ ብቻ ነው፣ ቢፈልጉ ነገ ጠዋት ይቀይሩታል፣ ግን ብር ስለሚያመጣ አይነካም። የቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ እንይ።

ለመሆኑ ክሩዝ የሚባለው ምንድነው?

ክሩዝ መጓጓዣ አይደለም። ሰው የሚያሻግር ተራ መርከብ ካንዱ ወደብ ጭኖ ሌላው ወደብ ያራግፍሃል፣ ስራው እሱ ነው። ክሩዝ ላይ ግን መድረሻው መርከቡ ራሱ ነው። ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱ፣ መዋኛው፣ ትያትር ቤቱ፣ የልጆች መጫወቻው ባንድ ላይ ይንሳፈፋል፣ ብዙውን ጊዜ ማታ ማታ ይጓዛል፣ ጠዋት አንድ ደሴት ወይ ከተማ ጋ ይቆማል፣ ሰዉ ወርዶ ዞሮ ዞሮ ሳይመሽ ይመለሳል፣ መጨረሻ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ወደተነሳበት ወደብ ይመጣል። የቤተሰብ ክሩዝ የሚባሉት ደሞ ልጅ ላለው ሰው ተብለው የተሰሩት ናቸው፣ የውሃ መንሸራተቻ፣ የልጆች ክበብ ምናምን ያላቸው፣ እንደ ሮያል ካሪቢያን፣ ዲዝኒ፣ ካርኒቫል አይነቶቹ።

ትልቅነቱን ካላወቅን ቀጥሎ ያለው አይገባንም። አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የሚባለው መርከብ በፈረንጅ ጥር 2024 ከማያሚ ስራ ጀመረ። ርዝመቱ 365 ሜትር ገደማ ነው፣ ሶስት የኳስ ሜዳ ጫፍ ለጫፍ ቀጥልና ትንሽ ጨምርበት። 20 ፎቅ። ጢም ብሎ ሲሞላ 7,600 ተሳፋሪ ይይዛል፣ ሰራተኛው ብቻ ደሞ 2,350 ነው። ወደ 10 ሺ ሰው ማለት እኮ ነው፣ እዚህ ድሬ ሳቢያን ውስጥ ካሉት ሰፈሮች አንዱን ከነነዋሪው አንስተህ ውሃ ላይ ማስቀመጥ።

ካቢኑን ለምን ሰፋ አያደርጉትም?

መስኮት የሌለው ተራ ካቢን ከነመታጠቢያ ቤቱ 14፣ 15 ካሬ ሜትር አካባቢ ነው። እዛ ውስጥ አራት ሰው ይተኛል። እንዴት አትሉም? ሁለቱ ዋናው አልጋ ላይ፣ ሁለቱ ከግድግዳ ወይ ከጣራ ተስቦ በሚወርድ አልጋ ላይ። ይሄ አልጋ ፑልማን ይባላል፣ ስሙም የመጣው ከባቡር ነው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የመኝታ ፉርጎ ይሰራ ከነበረው ከጆርጅ ፑልማን (የባቡር ከተማ ልጆች ሆነን ይሄንን ሳናውቅ ብንቀር ነውር ነው ብዬ ነው)። ማታ ይዘረጋል ቀን ይታጠፋል። የአክስቴ ልጅ ግን አምስት ናቸው። አምስት ሰው ሚይዝ ካቢን ደሞ ጥቂት ነው፣ ስለዚ ሁለት ካቢን ያዘች፣ መሀል በር ያለው ጎን ለጎን ካቢን ፈልጋ ነበር፣ እሱ ቀድሞ አልቋል፣ ባልየው ከትልቁ ልጅ ጋር ኮሪደሩ ማዶ አደሩ።

ታዲያ አፍርሰው ለምን አያሰፉትም? ካቢኑ መርከቡ ላይ አይደለም የሚሰራው። ፋብሪካ ውስጥ ሳጥን ሆኖ ይሰራል፣ መታጠቢያው፣ መስታወቱ፣ ኤሌክትሪኩ ሁሉ ተገጥሞለት ያልቅና መርከቡ ውስጥ እንደ መሳቢያ ይገፋል። አንዴ ከገባ በኋላ ግራና ቀኙ ሌላ ሳጥን ነው፣ በላዩ ሌላ ፎቅ ነው። ግማሽ ሜትር ላስፋ ብትል ጎረቤቱን ልታፈርስ ነው። እድሳት ሲገባ ምንጣፉ ይቀየራል፣ ቻርጀር መሰኪያ ይጨመራል፣ አልጋው ይታደሳል፣ ስፋቱ ግን ያው ነው። እነዚህን ግዙፍ መርከቦች የሚሰሩት ደሞ በጣት የሚቆጠሩ ቦታዎች ናቸው፣ ፊንላንድ ቱርኩ፣ ጀርመን ፓፐንቡርግ፣ ፈረንሳይ ሴን ናዜር፣ ጣልያን ሞንፋልኮኔ፣ ወረፋው የአመታት ነው። ስለዚ ዛሬ ያጉረመረምከው ነገር መርከብ ሆኖ ሚመጣው ልጅህ ካደገ በኋላ ነው።

ገና ሲነደፍ ከታሰበበት ግን ይቻላል። ዲዝኒ በ1998 የመጀመሪያዋን መርከቡን ሲያወጣ አብዛኛው ካቢን ውስጥ መታጠቢያውን ለሁለት ከፈለው፣ አንዱ ክፍል ሽንት ቤትና እጅ መታጠቢያ፣ ሌላው ክፍል ሻወርና እጅ መታጠቢያ። በቃ ይሄው ነው። ግን ጠዋት ጠዋት "አንተ ልጅ ውጣ፣ ልንዘገይ ነው" እያለ በር የደበደበ ወላጅ ሁሉ ትርጉሙ ይገባዋል፣ እኔ እንደሚመስለኝ ከውሃ መንሸራተቻው ሁሉ ይሄ ይበልጣል።

ካቢን ባዶ እያለ "ሞልቷል" ሚሉትስ?

ይሄ ብዙ ሰው ሚያናድድ ነገር ነው። ሁለት ሰው ብለህ ስትፈልግ ካቢን ሞልቶ ተርፎ፣ አራት ሰው ስትል ሲስተሙ የለም ይልሃል። አጭበርባሪ ናቸው ብሎ ሚሰድብ አለ። ነገሩ ግን የነፍስ አድን ጀልባ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ታይታኒክ በ1912 ሲሰጥም ከ2,200 በላይ ሰው ይዞ ነበር፣ ጀልባዎቹ ግን የሚበቁት ለ1,178 ሰው ብቻ ነበር። ከ1,500 በላይ ሰው አለቀ። በ1914 ሀገራት ተሰብስበው የመጀመሪያውን የባህር ላይ ደህንነት ስምምነት ፈረሙ፣ እየተሻሻለ እስከዛሬ ይሰራል። ዛሬ እያንዳንዱ የመርከብ ክፍል የራሱ መሰብሰቢያና የራሱ ጀልባ አለው፣ ጀልባው ደሞ አልጋ አይቆጥርም፣ ነፍስ ነው ሚቆጥረው። በዛ በኩል ያሉት ካቢኖች ሶስትም አራትም ሰው በያዙ ቤተሰቦች ከሞሉ የቀሩት ካቢኖች ለሁለት ሰው ብቻ ይሸጣሉ፣ ወይ ጭራሽ አይሸጡም። ሚኒባስ መሰላችሁ እንዴ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ አይባልም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ የተሻሻለ ነገር ልንገራችሁ። ድሮ ጉዞ ሲጀመር ሰዉ ሁሉ ውጪ ተሰልፎ የአደጋ ጊዜ ልምምድ ያደርግ ነበር፣ ግማሽ ሰዓት ምናምን፣ ፀሀይ ላይ፣ ህፃን አቅፎ። በ2012 ጣልያን ዳርቻ ኮስታ ኮንኮርዲያ ድንጋይ መትታ 32 ሰው ሲሞት፣ አዲስ ከተሳፈሩት ገና ልምምዱን ያላደረጉ ነበሩ፣ ከዛ በኋላ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይ እንደተነሳ ወዲያው መደረግ አለበት ተባለ። ከ2020 ጀምሮ ደሞ ኩባንያዎች ቪዲዮውን ስልክህ ላይ እንድታይና መሰብሰቢያህ ጋ ሄደህ ፊትህን አሳይተህ እንድትመለስ አደረጉት። ኮቪድ ያመጣው ነው፣ ግን ቤተሰብ ያለው ሰው ባንድ ድምፅ የወደደው ለውጥ ቢኖር ይሄ ነው። የአክስቴ ልጅ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም ብላለች።

ወንበሩ የት ሄደ?

ወደ እናቴ ጥያቄ እንመለስ። መርከቡ ላይ ፑል ዳር በሺ ሚቆጠር መጋደሚያ ወንበር አለ። ግን ሰው ጠዋት በ12 ሰዓት ይነሳና አራት ወንበር ላይ ፎጣ አንጥፎ፣ ጫማ አስቀምጦ፣ ቁርስ ሊበላ ይሄዳል፣ ከዛ ተመልሶ ይተኛል፣ ፎጣው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻውን ፀሀይ ይሞቃል። እኛ ይሄን በደንብ እናውቀዋለን፣ ሰርግ ድንኳን ውስጥ ነጠላዋን ወንበር ላይ ጣል አድርጋ "ሰው አለበት" የምትለው ሴትዮ ናት። ልዩነቱ እዚህ ሰውየው እውነት ይመጣል፣ እዛ አይመጣም።

ይሄ የብረት ነገር አይደለም፣ የደንብ ነው። ካርኒቫል ለምሳሌ ባለቤት የሌለው ወንበር ላይ ሰዓት የተፃፈበት ወረቀት ይለጠፍና በ40 ደቂቃ ውስጥ ሰው ካልመጣ እቃው ይነሳል የሚል ደንብ አውጥቷል። ወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። ችግሩ ሚያስፈፅመው ማነው? ያ የፑል ልጅ ኑሮው በተሳፋሪው ጉርሻ ላይ የተመሰረተ ነው፣ የሰውየውን ፎጣ አንስቶ ከሱ ጋር ሊጣላ? ተሳፋሪዎች ሚጠይቁት እንግዲህ አዲስ ደንብ አይደለም፣ ያለውን አስፈፅሙ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከላይኛው ፎቅ የተወሰነው ቦታ ውድ ክፍል ለያዙ ብቻ እየተከለለ ነው፣ የራሱ ፑል፣ የራሱ ምግብ ቤት፣ በካርድ ሚከፈት በር። መርከብ ውስጥ ሌላ መርከብ። ለኩባንያው ትርፍ ነው፣ ከበሩ ውጪ ለቀረው ብዙሀን ግን ፀሀይዋ ራሷ የጠበበች ይመስላል።

ከፍዬ ጨርሼ አልነበር?

እዚህ ጋ ረጋ ብለን እንሂድ፣ ከሁሉም በላይ ሚያማርረው እሱ ነው።

የትኬቱ ዋጋ ካቢኑን፣ ዋናውን ምግብ አዳራሽና ቡፌውን፣ ትርኢቱን፣ ፑሉን፣ ከሶስት አመት በላይ ላለ ልጅ ክበቡን ይይዛል። ውሃ፣ ሻይና ተራ ቡና ቡፌው ጋ በነፃ ነው። ለስላሳ መጠጥ፣ ዋይፋይ፣ ልዩ ምግብ ቤት፣ ወደብ ላይ የሚደረግ ጉብኝት፣ ፎቶ፣ ይሄ ሁሉ ባብዛኛው ለብቻው ነው። የሰርግ አዳራሽ ኪራይ አስቡት፣ ዋጋውን ስትሰማ "ኧረ ርካሽ ነው" ትላለህ፣ ከዛ ሳውንዱ ለብቻ፣ ዲኮሩ ለብቻ፣ ጄኔሬተሩ ለብቻ፣ ስትወጣ ሙሽራው ያለቅሳል። ትልልቆቹ የክሩዝ ኩባንያዎች ከገቢያቸው ሲሶ ገደማ የሚያገኙት ሰዉ ከተሳፈረ በኋላ ከሚያወጣው ነው። ትኬቱ የረከሰውም ለዚሁ ነው። ሁሉንም ትኬቱ ውስጥ አስገቡ ብትል ትኬቱ ይወደዳል፣ ሰው ደሞ ኢንተርኔት ላይ ዋጋ ሲያወዳድር ርካሹን ነው ሚጫነው፣ ስለዚ ማንም ቀድሞ አይነሳም።

የአክስቴን ልጅ ያስደነገጣት ጉርሻው ነው። ጉርሻ ስል በእጅ ምትሰጠው አይደለም፣ በየቀኑ በየሰው አካውንት ላይ አውቶማቲክ የሚቆጠር ነው፣ እንደ ኩባንያው ለተራ ካቢን ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ፣ ብዙዎቹ ጋ ልጅም ይከፍላል። አምስት ሰው፣ ሰባት ሌሊት፣ በ17 ዶላር ብንመታው 595 ዶላር። ወደ ሰራተኛው ሲመጣ ደሞ ሌላ ታሪክ አለው፣ ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከህንድ የመጡ ልጆች ናቸው፣ ስድስት ሰባት ወር ቀጥ ብለው ሚሰሩ፣ ያ ጉርሻ የደሞዛቸው ትልቅ ክፍል ነው። ለዚ ነው ብዙ ተሳፋሪ "አንሱልኝ" ሳይሆን "ከመጀመሪያው ዋጋው ውስጥ አስገቡትና አንድ ቁጥር ንገሩኝ" ሚለው፣ ልክ ነው ባይ ነኝ።

በደንብ ሊስተካከል እንደሚችል ማስረጃም አለ። ካሊፎርኒያ ግዛት የተደበቀ ክፍያ የሚከለክል ህግ አውጥታ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ስራ ላይ ሲውል፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች የወደብ ክፍያና ታክስን ጨምረው ዋጋ ማሳየት ጀመሩ፣ ለካሊፎርኒያ ሰው ብቻ ሳይሆን ለመላው አሜሪካ። ጉርሻው ግን አሁንም ውጪ ቀረ።

የመጠጥ ፓኬጁን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በቀን ይሄን ያህል ከፍለህ የፈለግከውን ጠጣ ነው፣ ግን አንዳንዱ ኩባንያ ጋ የአልኮሉን ፓኬጅ አንድ አዋቂ ከገዛ እዛ ካቢን ያሉ አዋቂዎች በሙሉ መግዛት አለባቸው፣ ብርጭቆ እንዳይቀባበሉ ተብሎ። እና እሱ ሚጠጣ እሷ ማትጠጣ ባልና ሚስት ምን ያድርጉ? ላልጠጣችው ትከፍላለች። ይሄ ብየዳ አይደለም፣ ንፁህ ደንብ ነው።

ዋይፋዩ የግድ እንደዛ መሆን ነበረበት?

ድሮ አዎ። መሬት ላይ ያለ ኔትወርክ ባህር መሀል አይደርስም፣ ከሳተላይት ነው ሚመጣው፣ ድሮ ሚጠቀሙባቸው ሳተላይቶች ደሞ ወደ 36,000 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፣ መልእክቱ ወጥቶ እስኪመለስ ይዘገያል፣ ዋጋውም እሳት ነበር። ከ2022 ወዲህ ስታርሊንክ መርከብ ላይ መግባት ጀመረ፣ የሱ ሳተላይቶች 550 ኪሎሜትር አካባቢ ናቸው። አሁን ቪዲዮ ኮል ይሰራል። ያልወረደው ዋጋው ነው፣ ባብዛኛው በየስልኩ ስለሚከፈል ሶስት ጎረምሳ ያለው ቤተሰብ እግዜር ይርዳው።

ህፃን ይዤ ብሄድስ?

ብዙዎቹ ከስድስት ወር በታች ህፃን አይቀበሉም፣ ውቅያኖስ ሚያቋርጥ ረጅም ጉዞ ከሆነ ደሞ አንድ አመት መሙላት አለበት። የልጆች ክበቡ ባብዛኛው ከሶስት አመት ነው ሚጀምረው፣ ያውም ሽንት ቤት ራሱ ሚጠቀም ከሆነ። ስለዚ ሁለት አመት ከግማሽ የሆነው ልጅ መሀል ሜዳ ላይ ይቀራል። ክፍያ ያለው የህፃናት ማቆያ ሚሰጡ አሉ፣ ቦታው ግን ጥቂት ነው።

ዳይፐር ያለው ልጅ ፑል አይገባም፣ ዳይፐሩ የዋና ቢሆንም። እናቶች በዚህ በጣም ይናደዳሉ። ምክንያቱ ጤና ነው፦ አንድ ልጅ ውሃው ውስጥ ከለቀቀ ፑሉ ተዘግቶ መፅዳት አለበት፣ ባልታወቀ ጊዜ ደሞ ሆድ ሚያጣድፍ በሽታ ሺ ሰው ተጠጋግቶ በሚኖርበት ቦታ እንደ ሰደድ እሳት ነው። ኖሮቫይረስ ሚባለው ታዋቂው ነው፣ አልኮል ያለው ሳኒታይዘር በደንብ አይገድለውም፣ በሳሙና መታጠብ ነው መድሀኒቱ፣ ለዚ ነው አንዳንድ መርከብ ቡፌው በር ላይ የእጅ መታጠቢያ የደረደረው (እኛ ገበታ ከመቅረባችን በፊት ማስታጠቢያ ይዘን ምንዞረው ለካ ቀድመን ነቅተን ነው)። ለዳይፐር ልጆች ተብሎ የተለየ ውሃ ሚረጭበት ቦታ ያላቸው አዳዲስ መርከቦች አሉ፣ ወላጆች ሁሉም ጋ ይኑር ይላሉ።

ነፍስ አድን ዋናተኛ ደሞ ለረጅም ጊዜ አልነበረም። "ፑሉን በራስህ ሀላፊነት ተጠቀም" የሚል ሰሌዳ ብቻ። ልጆች ሰጥመው ከሞቱና ሌሎችም ለጥቂት ከተረፉ በኋላ ዲዝኒ አስገባ፣ በ2017 ሮያል ካሪቢያን ተከተለ። ይሄ በጩኸት የመጣ ለውጥ ነው። አሁንም ሁሉም ጋ የለም፣ ስለዚ ትኬት ከመቁረጥ በፊት መጠየቅ ነው።

የምንበላውስ?

አንድ ጎረቤታችን መጀመሪያ የጠየቀው ይሄን ነው። ፆም ለሚፆም ሰው ችግሩ ቀላል ነው፣ የህንድ ምግብ አይጠፋም፣ ሽሮ ባይሆንም ምስር አለ። ሀላል ግን ብዙዎቹ ጋ አስቀድመህ ከሳምንታት በፊት ፅፈህ ምታሳውቀው ነው፣ ቡፌው ላይ ሁሌ ተለይቶ አይቀመጥም። የአክስቴ ልጅ ሳታሳውቅ ሄዳ ሰባት ቀን አሳ በላች፣ አራተኛው ቀን ላይ ትንሹ ልጅ አሳ ሲያይ ማልቀስ ጀመረ። ቅፅ ላይ አንዲት ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ቢጨምሩ ያለቀለት ነገር ነው።

ወደኛ የቀረበም አለ። አሮያ የሚባል የሳዑዲ ክሩዝ በታህሳስ 2024 ከጅዳ ስራ ጀምሯል፣ መርከቡ በ2017 ጀርመን የተሰራ ነው፣ ስሙ ወርልድ ድሪም የነበረ፣ ተገዝቶ የታደሰ፣ 3,300 ገደማ ተሳፋሪ ሚይዝ። አልኮል የለም፣ ምግቡ ሀላል ነው፣ ለሴቶች ብቻ የተለየ ቦታ አለው። ልብ በሉ፣ ብረቱ ያው የድሮው ብረት ነው። የተቀየረው ደንቡ ነው።

ይሄን ሁሉ በርጫ ላይ ሳወራ አጎቴ ምንም ሳይል ቆየና "ሽርጥ ያስገባሉ?" አለኝ። ማታ ዋናው ምግብ አዳራሽ አይመስለኝም፣ እዛ አንዳንዱ ቁምጣ እንኳን አይፈቅድም፣ ቡፌው ጋ ግን ማንም አይጠይቅህም አልኩት።

"እና ቡፌው ጋ ነኛ" አለና ትራሱን አስተካከለ።